የራስ ቁር፥ የሰው መንጃ ፈቃድና የክብር ቃል

ባለፉት ሦስት ሳምንታት በማኅበራችን አባሎች ዘንድ ከመኝታ ክፍሉ ውኃና ከመመገቢያ አዳራሹ ሰልፍ ይልቅ ብዙ አፍ የዞረው ወሬ የአንዲት ሞተር ሳይክል ወሬ ነው። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቍጥር እየፋፋ በመሄዱ፥ አሁን የሚሰማው ሰው በአሶሳ ከተማ ባንክ የተዘረፈ ይመስለዋል። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን በልኩ እንናገር፤ ከዚያ በኋላ የምንለውን እንላለን።

ከባልደረቦቻችን አንዱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሞተር ሳይክል ተዋሰ። ሁለት ጓደኞቹን ከኋላው ደርቦ፥ ሦስቱም የራስ ቁር ሳያደርጉ፥ በባምባሲ መንገድ ወደ ከተማ ሲገባ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አቆመው። መንጃ ፈቃድ ሲጠየቅ ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው የራሱን አልነበረም፤ የራሱ የለውምና። የሰጠው ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድረውን የባለሞተሩን ልጅ መንጃ ፈቃድ ነው። ባለሞተሩም ቍልፉን ሲያቀብለው «ለማንኛውም ይህን ያዘው» ብሎ ፈቃዱን ጨምሮ ሰጥቶት ኖሯል። ፎቶግራፉ የቆየ ነው፤ ሁለቱም ቀጫጭኖች፥ ሁለቱም ግንባራቸው ሰፊ። ፖሊሱ አየት አድርጎ የቅጣቱን ወረቀት በዚያው ስም ጻፈ። አጥፊው በማግሥቱ ገንዘቡን ከፈለ፤ ማታ በመኝታ ክፍል ተሳቀ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። ባለመንጃ ፈቃዱ ልጅ በሳምንት መጨረሻ በዚያችው የዘመዱ ሞተር ሳይክል ሰው ከገበያ ወደ ሰፈር እያመላለሰ ደብተሩንና ሳሙናውን የሚገዛ፥ ሲተርፈውም ለታናሽ እኅቱ የሚልክ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ደንብ ቍጥር 208፥ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፥ በአገራችን ያመጣው አንድ ዐይነተኛ ለውጥ ጥፋት በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በነጥብም እንዲመዘገብ ማድረጉ ነው። ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃዱ ይታገዳል። እንግዲህ ገንዘቡን የከፈለው አጥፊው ሲሆን፥ ነጥቡ የቀረው በሌላው ስም ላይ ነው። ሁለተኛው ልጅ በሌላ ቀን ለራሱ ጥቂት ጥፋት በተያዘ ጊዜ የቀድሞው መዝገብ ተነሣበት፤ «ያ እኔ አይደለሁም» እንዳይል ደግሞ ፈቃዱን ለሰው መስጠቱን መናገር ሊሆንበት ነው። ዝም ብሎ ተመለሰ። በዚያች ማታ በክፍላቸው የተሰማው ጩኸት ነው ወሬውን ወደ ግቢው ሁሉ ያወጣው።

ይህ ሁሉ የደረሰው ማኅበራችን የክብር ቃል ረቂቅ ለአባሎች ባቀረበበት ወራት መሆኑ ነገሩን አከበደው። ረቂቁ አጭር ነው። አልዋሽም፥ አልኮርጅም፥ የሰው ንብረት አልወስድም፥ ይህን የሚያደርገውንም አይቼ ዝም አልልም ይላል። አሳቡ የመጣው ከውጭ የጦር አካዳሚዎች እንደሆነ አርቃቂዎቹ ራሳቸው አልደበቁም። ወዲያውም ለዝግጅት ክፍላችን ደብዳቤዎች መጡ። እኩሌቶቹ «ቃሉ ገና ሳይጸድቅ ፈተናው መጥቷል፤ እነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ምሳሌ ይሁኑ፤ ከግቢ ይባረሩ» ይላሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ «ለአንድ የራስ ቁር ይህን ያህል ጩኸት ምንድን ነው? ትራፊክ ያውቅበታል፤ ተማሪን ከአስፋልት ጥፋት ጋር ምን አገናኘው?» ይላሉ። ሁለቱንም በጥሞና አንብበናል። ሁለቱም ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከትተው የሚያንገላቱ ይመስለናል።

የዚህ ዐይነቱ ሕግ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቅበትን ቦታ እንመልከት። በአሜሪካ የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1802 ተቋቋመ። የክብር ሕጉ ለረጅም ዘመን ባልተጻፈ ልማድ ሲሠራበት ቆይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1922 ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር የአካዳሚው አዛዥ በነበሩበት ጊዜ የዕጩ መኰንኖቹ የክብር ኮሚቴ በሥርዓት ታወቀ። ሕጉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ ዕጩ መኰንን አይዋሽም፥ አያጭበረብርም፥ አይሰርቅም፥ የሚያደርገውንም አይታገሥም ይላል። ከዚህ ሌላ አካዳሚው እንደ ትልቅ መጽሐፍ የወፈረ የመተዳደሪያ ደንብ አለው። ጫማ ስለ መወልወል፥ በሰዓት ስለ መግባት፥ መኪና ስለ መያዝ የሚናገረው እርሱ ነው። ደንቡን የጣሰ ዕጩ የጥፋት ነጥብ ይያዝበታል፤ ዕረፍቱ ይቀርበታል፤ ጠመንጃውን ተሸክሞ በግቢው ውስጥ ለሰዓታት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ከአካዳሚው የሚያስወጣው ግን ዋናው ጉዳይ የክብር ሕጉ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ልዩነቱን በትራፊክ ምሳሌ ብናየው ይገለጣል። አንድ ዕጩ መኰንን ከፍጥነት ወሰን በላይ ነድቶ ቢያዝ ደንብ ጥሷል እንጂ ክብሩን አልጣሰም። ቅጣቱን ከፍሎ፥ ለአለቃው አስታውቆ፥ የሚገባውን ያህል ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ ይጨርሰዋል። ያው ዕጩ አለቃው ሲጠይቀው «እኔ አልነዳሁም» ቢል፥ ወይም እውነት የሚመስል ግን የሚያሳስት መልስ ቢሰጥ፥ በዚያች ደቂቃ ነገሩ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ክብር ኮሚቴ ይሄዳል። ጥቂቱ ጥፋት ትልቅ የሚሆነው በራሱ አይደለም፤ ትልቅ የሚያደርገው በላዩ የሚጫነው ቃል ነው። የዚያ ቤት ሰዎች ይህን የሚሉበትን ምክንያት መረዳት አያስቸግርም። ነገ በጦር ሜዳ «ድልድዩን ጠብቄአለሁ» ብሎ የሚያስታውቀው መኰንን ውሸቱን ከሆነ ሰው ይሞታል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል፤ በተለይ ለመምህሮቻችን። በዚያው አካዳሚ የክብር ሕግ ደንብን ለማስከበር መሣሪያ እንዳይሆን የሚያስጠነቅቅ የቆየ አሳብ አለ። አለቃ ምንም ምልክት ሳያይ ዕጩውን አቁሞ «ዛሬ ምን አጥፍተሃል?» እያለ እንዲያጠምደው አይፈቀድም፤ ዕጩው በዋሸ ይባረራል፥ እውነቱን በተናገረ ራሱን ይከሳልና። ስለ ሰው እውነተኛነት የምናስብ ከሆነ፥ እውነቱን ለመናገር የሚያስችል ቦታም ልንተውለት ይገባል። በመማሪያ ክፍል በር ላይ «ትናንት ማታ ወዴት ነበርክ?» ብሎ መጀመር የተለመደባቸው መምህራን ካሉ ይህን እንዲያስቡልን በአክብሮት እንለምናለን።

አሁን ደግሞ የሕጉን ሌላ ገጽ እንይ፤ ረቂቁን ያዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ገጽ ያላነበቡት ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1951 በዌስት ፖይንት 90 ያህል ዕጩዎች በፈተና ማጭበርበር ምክንያት ወጡ፤ ብዙዎቹ የእግር ኳስ ቡድኑ ተጫዋቾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የቤት ሥራ ሰበብ ከ150 የማያንሱ ዕጩዎች ከአካዳሚው ለቀቁ። ነገሩ አገር ስላነጋገረ፥ ጨረቃን ዞሮ የተመለሰው የጠፈር ተመራማሪ ፍራንክ ቦርማን፥ እርሱም የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው፥ የሚመራው አጣሪ ጉባኤ ተሰየመ። ጉባኤው ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ብቻ አላኖረም። የክብሩ ሥርዓት ከልኩ ወጥቶ ተለጥጧል፤ በጥቃቅን ነገር ውስጥ ገብቷል፤ ለሁሉ ጥፋት አንድ መባረር ብቻ ማስቀመጡም ትክክል አይደለም አለ። ለወጡት ዕጩዎች ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲመለሱ ዕድል ተሰጠ፤ ብዙዎቹም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ70 የሚበልጡ ዕጩዎች በሒሳብ ፈተና ተጠርጥረው በተያዙ ጊዜ የተባረሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከሌሎቹ አብዛኞቹ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሱ።

ከሁሉ የባሰውን ግን እንንገር። ጄምስ ፔሎሲ የሚባል ዕጩ መኰንን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በፈተና ወረቀቱ ላይ መጻፉን ቀጥሏል ተብሎ ተከሰሰ። ኮሚቴው ፈረደበት፤ በአካሄዱ ጉድለት ስለተገኘ የበላይ አለቃ ፍርዱን ሻረው። ጓደኞቹ ግን አልሻሩለትም። ለ19 ወራት ያህል ከሥራ ጉዳይ በስተቀር የሚያነጋግረው አልነበረም፤ ምግቡን ብቻውን ይበላ ነበር። እርሱም እየተገፋ ጨክኖ ቆየና እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ዕጩዎቹ ራሳቸው ይህን የዝምታ ቅጣት አስቀሩት። ለአንድ የፈተና ወረቀት የ19 ወር ዝምታ! ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ክብራቸውን የሚጠብቁ ይመስላቸው ነበር። በግቢያችንም ከዚያች ማታ ጀምሮ በምግብ አዳራሽ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ልጆች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው፥ ሌላውም ከእነርሱ ርቆ ሲቀመጥ ያየን ይህን ታሪክ ያለ ምክንያት አላነሣነውም።

«የፈረንጅ ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ይኖራሉ። እኛም የጦር ትምህርት ቤት አለን። የሆለታው ገነት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት፥ በካፒቴን ታም መሪነት ተከፈተ። ዕጩዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የኢጣልያ ጦር ደረሰባቸው። ንጉሡ ከአገር ከወጡ በኋላ ከእነዚሁ ወጣቶች ብዙዎቹ ከሌሎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በ1928 ዓ.ም. በነቀምቴ የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር በቦነያ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች ያቃጠሉት እነርሱ ናቸው። ከአሶሳ ተነሥቶ በነጆና በጊምቢ በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ነቀምቴን ያልፋል፤ ምናልባት ሻይ ጠጥቶ ያልፍ ይሆናል እንጂ ይህን ስንቱ ያስታውሳል?

ስለ ጀግንነታቸው ለመናገር አይደለም ይህን ያመጣነው። እነዚያ ወጣቶች መንግሥት በሌለበት፥ ደመወዝ በሌለበት፥ የሚቈጣጠራቸው አለቃ በሌለበት ጊዜ ለራሳቸው ዐሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ጻፉ። በውስጡም ገበሬውን እንዳያስጨንቁ፥ የተማረከውንም ጠላት እንዳያጐሳቍሉ ደነገጉ። ልብ በሉ፤ በሚራብ ጦር ዘንድ የገበሬ ዶሮ መውሰድ በጊዜው ከጥፋት የሚቈጠር ነገር አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ የኖረ የወታደር ልማድ ነው። እነርሱ ግን ያችን «ጥቂት» ነገር ከትልልቆቹ ጋር አስቀመጧት። በዚያ መተዳደሪያ ውስጥ ጥቂቱን ነገር ትልቅ ያደረገው የሚጐዳ ሌላ ሰው መኖሩ ነው። ይህ መለኪያ ከዌስት ፖይንቱ ይልቅ ወደ ልባችን ይቀርባል፤ ለሞተር ሳይክሉም ጉዳይ የሚሠራ ይመስለናል። በኋላ ዘመን በሐረር በህንድ መኰንኖች አስተማሪነት የተከፈተው፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶችን እየተቀበለ ሦስት ዓመት ያስተምር የነበረው የጦር አካዳሚም ከአብዮቱ በኋላ እስኪዘጋ ድረስ ብዙ መኰንኖችን አፍርቷል፤ የእርሱን ታሪክ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

የረቂቁ አራተኛ ቃል፥ ማለትም «አይቼ ዝም አልልም» የሚለው፥ ብዙ ያነጋገረን እርሱ ነው። በአገራችን አዲስ አይደለም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውን ሥርዓት አያቶቻችን ያውቁታል። በመንደሩ ስርቆት ሲገኝ ሕዝቡ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስም ወደ ቤቱ አይመለስም። ዝም ያለው ሁሉ ከሌባው ጋር ፀሐይ ይመታዋል። ሥርዓቱ ብዙ ሌባ አውጥቷል፤ የብዙ ንጹሕ ሰውም እርሻ በዚያ ሳቢያ ሳይታረስ ውሏል። በሌላ ወገን ደግሞ የቅርቡን ዘመን እናስብ። በደርግ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠቆመ ስንት ቤት እንደ ፈረሰ ከወላጆቻችን ሰምተናል። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ስም በአማርኛ ከስድብ ሁሉ የመረረ የሆነው በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ለአሜሪካው ዕጩ የኀላፊነት ቃል የሆነው ነገር በእኛ ጆሮ የፍርሃት ቃል ሆኖ ቢሰማ የሚያስደንቅ አይደለም። የበርታውም፥ የጉሙዙም፥ የሺናሻውም፥ ከደጋ የመጣውም ልጅ በአንድ ክፍል አራትና ስድስት ሆኖ በሚተኛበት ግቢ ውስጥ፥ አንዱ ሌላውን እንዲጠቁም ግዴታ ማውጣት ምን ሊወልድ እንደሚችል ባለፉት ዓመታት በክልላችን ካየነው በኋላ ማስረዳት አያስፈልገንም። የተጠቆመው ልጅ «በጥፋቴ ነው» አይልም፤ «በማንነቴ ነው» ይላል፤ ሁልጊዜም አይሳሳትም።

በአሜሪካም ቢሆን ሁሉም አንድ ዐይነት አይደለም። በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ አንድ ዕጩ የጓደኛውን ጥፋት ቢያይ አስቀድሞ ራሱን ጓደኛውን ፊት ለፊት ሊያነጋግረው ይፈቀድለታል፤ ጉዳዩን እንደ ነገሩ ሁኔታ ከዚያ ሊያቆመው ወይም ወደ ፊት ሊያስኬደው ይችላል። መርከብ ላይ አብሮ የሚኖር ሰው ይህን ማወቁ አይገርምም። አብሮ በመኖር ረገድ የእኛም ሕንፃ ከመርከብ አያንስም።

ሆኖም የክብር ቃል አያስፈልገንም የሚሉትን አንደግፍም። ከእኛ አብዛኞቻችን የ12ኛ ክፍል ፈተናችንን የወሰድነው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተወስደን፥ ስልክ ተከልክለን፥ በፖሊስ ተጠብቀን፥ ከማናውቀው ቦታ በመጡ ፈታኞች ፊት ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚህ መንገድ ሲፈተኑ፥ ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጥበቃው ያስፈለገበትን ምክንያት አንክድም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን እናውቀዋለንና። ነገር ግን ሐቀኛ እንድንሆን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሲጠብቀን ያደግን ልጆች ነን። ጠባቂው ዘወር ሲል ምን እንደምናደርግ ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም። ያ ትራፊክ ፖሊስ ፎቶግራፉን አየት አድርጎ ዘወር ያለባት ቅጽበት ለባልደረባችን እንዲህ ያለች ጥያቄ ነበረች። ማንም አልጠበቀውም። እንደ ለመደው አደረገ፤ አብዛኞቻችንም እንደዚያው እናደርግ ነበር።

ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ስንመለስ የእኛ አሳብ ይህ ነው። የራስ ቁር አለማድረግና ሦስት ሆኖ መንዳት የትራፊክ ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩ እጁን አያግባበት። ይህን ስንል ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ጥፋቱ በወረቀት ላይ ጥቂት ነው፤ በባምባሲ መንገድ ከባድ መኪና ሲመጣ የሰው ጭንቅላት ግን ጥቂት አይደለም። «በመጋቢት ሙቀት ማን የራስ ቁር ያደርጋል?» የሚሉንን ወገኖች በዝናቡም ወራት ሲያደርጉት አላየናቸውም። ሆኖም ሕግ አለ፥ ፖሊስ አለ፥ ቅጣት አለ፤ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቀጣት ደግሞ ፍትሕ አይደለም። አንድ ተማሪ በከተማ ቀይ መብራት ስለጣሰ በግቢ የሚከሰስ ከሆነ፥ ነገ ደግሞ ስለ አለባበሱና ስለ ቤተ ሰቡ እንዲከሰስ በሩ ይከፈታል።

የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሁለት ሰዎች በአንድ ውሸት ተባብረዋል፤ አንዱ በመስጠት፥ ሌላው በመጠቀም። ውሸቱም በመዝገብ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የአንዱን እንጀራ ሊያስቀር ይችላል። ገንዘቡን አጥፊው መክፈሉ ይህን አያነሣውም። የሚያነሣው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ወደ ተጻፈበት ጽሕፈት ቤት ሄደው በራሳቸው አፍ መናገር። ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳትና ፈቃድን ለሰው ማዋስ ከራስ ቁር የሚበልጥ ቅጣት አለው፤ ለእውነቱ የሚከፈለው ከውሸቱ ይልቅ ውድ ሆነ ማለት ነው። «ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል?» ለሚሉን መልሳችን፥ ቢያንስ ሁለቱ ያውቃሉ፤ አንዱም በሌላው ላይ ቂም ይዟል።

ማኅበሩም ለማባረር አይቸኩል። የክብር ቃሉ ገና አልጸደቀም፤ ባልወጣ ሕግ ሰው አይፈረድም። ሲጸድቅም ሦስቱ ቃላት እንዳሉ ይቁሙ፤ አራተኛው ቃል ግን እንዲህ ይሻሻል እንላለን። የጓደኛውን ጥፋት ያየ አባል አስቀድሞ ራሱን ጓደኛውን ያነጋግረው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ እንዲያቃናው ይንገረው። ጥፋቱ ሌላ ሦስተኛ ሰው የሚጐዳ ከሆነና አጥፊው እንቢ ካለ ብቻ ወደ ኮሚቴው ይቅረብ። ስም ሳይጻፍበት የመጣ ጥቆማ ደግሞ ከነፖስታው ይቀደድ። ኮሚቴውም ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይመረጥ፥ ሴቶች ተማሪዎችም በቍጥራቸው ልክ እንዲገቡበት ያስፈልጋል። በረቂቁ ላይ ከተጻፉት ሰባት የኮሚቴ እጩዎች አንዲት ሴት ስም አላየንም፤ አርቃቂዎቹ ይህንም «አይተን ዝም ብለን» ካለፍን ደስ አይላቸውም።

አሁን ስለ ራሳችን መናገር ይገባናል። ይህን ታሪክ የዝግጅት ክፍላችን አባሎች የሰማነው ጩኸቱ ከመነሣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ያች የተሳቀባት ማታ ከመካከላችን ሁለቱ በዚያ ክፍል ነበሩ፤ አብረውም ስቀዋል። ለቀሩት ሲነግሩን እኛም ሳቅን። ባለመንጃ ፈቃዱ ልጅ ላይ ምን እንደ ደረሰበት ለመጠየቅ ያሰበ አልነበረም። በረቂቁ አራተኛ ቃል የምንዳኝ ብንሆን ይህን ርእሰ አንቀጽ የሚጽፍ ሰው ባልቀረ፤ ሁላችንም በኮሚቴው በር ላይ ተሰልፈን በተገኘን ነበር። ቃሉ ይሻሻል የምንለው ራሳችንን ለማዳን ነው የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኛም ያንኑ ጠይቀናል። ለዚህ ነው በጠቅላላ ጉባኤው በዚህ አንቀጽ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ከዝግጅት ክፍላችን ማንም እጁን እንዳያነሣ የተስማማነው። አሳባችንን ጽፈናል፤ ድምፁን ግን ሌሎቻችሁ ስጡ።

ይህ ጽሑፍ በስቴንስል ከመመታቱ በፊት ሁለቱን ልጆች አነጋግረናቸዋል፤ ጽሑፉንም አንብበውታል። አጥፊው ስለ ግንባሩ ስፋት የተጻፈው እንዲወጣ ጠይቆን ነበር፤ አላወጣነውም። ሐሙስ ጧት ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ከተማ ወረዱ፤ በእግራቸው። የተቀበላቸው ሹም ነገሩን ሁለት ጊዜ እንዲደግሙለት አድርጎ፥ እንደዚህ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ከዚህ በፊት አጋጥሞት እንደማያውቅ ነግሯቸው፥ የቅጣቱን ወረቀት ይዘው ማክሰኞ እንዲመለሱ አዝዟቸዋል። ወረቀቱ በጂንስ ሱሪ ኪስ ውስጥ ታጥቧል፤ ቍጥሩ ግን ይነበባል። ጠቅላላ ጉባኤው በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በትልቁ አዳራሽ ይሰበሰባል።